በእጅ አይከፈልም

ሰበታ ውስጥ በአንድ የክር ፋብሪካ ደመወዝ ክፍል አሥር ዓመት ሠርቻለሁ። ክፉ ሴት ነበርኩ፤ ሌላው ሳይለኝ ራሴ ልበለው።

ከወላይታ የመጣ አንድ የማሽን ሠራተኛ ነበረን። ቤተ ክርስቲያን አብሮት ለሚዘምር ጓደኛው የብድር ዋስ ሆነ። የዋስትናውን ደብዳቤ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ማኅተሙን ስመታ «ወንድሜ ነው፣ አይጥለኝም» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ተሳለቅሁበት። ጓደኛው ብሩን በልቶ ጠፋ።

ከፍርድ ቤት ትእዛዝ መጣ፤ ዕዳው እስኪያልቅ ከዋሱ ደመወዝ ሲሶውን ቁረጡ የሚል። ቆረጥኩ። እሱም ከሦስቱ ሁለት እጁ ይቀርልኛል ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሠራ። በወሩ ግን አበዳሪዎቹ የባንክ ሂሳቡን አሳገዱት። እንግዲህ ሕጉ ለሆዱ የተወለትን ሁለት እጅ እኔ ባንክ አስገባለሁ፣ ገብቶም እዚያው ይቀራል። ጉድ እኮ ነው፤ ሠርቶ ባዶ እጁን ይገባል።

ሚስቱ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነበር። በተፍኪ መንገድ የተከራዩዋትን አንዲት ክፍል እስከ ቅዳሜ ካልከፈላችሁ ልቀቁ ተብለዋል። ኮፍያውን አውልቆ የቢሮዬ በር ላይ ቆመና የዚህን ወር ብቻ በእጁ እንድሰጠው ለመነኝ። እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ለሥራ አስኪያጁ አንድ ማስታወሻ መጻፍ ነው። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ሰውየውም ሰለቸኝ።

«በእጅ አይከፈልም» አልኩት።

በማግስቱ የሥራ አስኪያጁ ሾፌር የባንክ ካርዴ ጠፋ ብሎ መጣ። ማስታወሻውን ቆሜ አስፈረምኩና ደመወዙን በእጁ ቆጠርኩለት። ቀና ስል ያ ሰው ደግሞ ሊለምነኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉንም አይቷል። ቢሰድበኝ በተሻለኝ።

«እትዬ፣ ካርድ ሲጠፋ ይቻላል ቢሉኝ እኮ እኔም እጥለው ነበር» አለኝ።

ልሳቀቅ ሲገባኝ ተቆጣሁ፤ ሥራህን ሂድ ሥራ ብዬ መለስኩት።

ቅዳሜ ከነአራሷ ወጡ። ሰኞ ሥራ አልገባም፣ ማክሰኞም አልገባም። ወደ አገራቸው ሄዱ ያለኝም አለ፣ ቡራዩ ቀን ሥራ ሲሠራ አየሁት ያለኝም አለ። እኔ ለፍርድ ቤቱ ሥራ ስለለቀቀ የሚቆረጥ ደመወዝ የለም ብዬ ጻፍኩና ዋስትናውን በመታሁበት ማኅተም መታሁት። ይቅር በለኝ እንዳልለው፣ የት እንዳለ አላውቅም።