ግፊቱን በዕውቀት የተቆጣጠረው ሰው

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲያልቅ ምን ይወጣዋል? በዚህ ጥያቄ ብዙ ሊቅ ሸብቷል። ሙሀመድሰዒድን ያየ የቃሊቲ ሰው ግን አይቸገርም፤ አንድ ፖስተር ወጥቶታል።

ሙሀመድሰዒድ ጉልበቱን በጅቡቲ መንገድ ላይ በተሳቢ ጨርሶ ቤቱ ሲቀመጥ፣ ደም ግፊት አለብህ ተባለ። በጤና ጣቢያው መስኮት ኪኒን ሲሰጡት "አንድ አንድ" አሉት፤ ሌላ ቃል ሳይጨመር የኋላው ሰልፈኛ ገፋው። የጎደለውን ከሾፌርነቱ ሞላው። ሞተር ካልጋለ ውሃ ምን ያደርግለታል? ራስ ካልጋለስ ኪኒን?

"ዛሬም አልዋጥክም?" ትለዋለች ሚስቱ ሰዓደት።

"ዛሬ ቀዝቃዛ ነኝ። ዳገት ሲመጣ እውጣለሁ።"

"አንተ ዳገቱን የምታውቀው ቁልቁል ስትንከባለል ነው!"

በዚህ መሀል የኅብረተሰቡን የጤና ግንዛቤ የሚያሳድግ ፕሮጀክት መጣ። ግንዛቤው ከላፕቶፕ ወጥቶ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሲበራ ዋለ፤ የአካባቢው በሽተኛም በብርሃኑ ተኛ። ያልተኛው ሙሀመድሰዒድ እጁን አወጣ።

"የኔ ልጅ፣ ደህና በሆንኩ ቀንም ይዋጣል ወይ?"

"አባታችን፣ ጥያቄ መጨረሻ ላይ!" አለች አሠልጣኟ ሶሊያና፣ ማር በሆነ ድምፅ። መጨረሻ ላይ ምሳ መጣ። ከምሳው በኋላ ደግሞ ፎቶ አንሺ። የሙሀመድሰዒድን ዕውቀት የጠየቀ የለም፤ ጺሙ ግን ለፎቶ ተስማማ። ኪኒኑን አስጨብጠው አነሱት፣ ፖስተር አድርገውም ከሳሪስ እስከ ቂሊንጦ ሰቀሉት፤ ጽሑፉም "ግፊቴን በዕውቀት ተቆጣጠርኩ!"

"ለምርጫ ትወዳደራለህ አሉ፤ ምልክትህም ኪኒን!" አለው ጎረቤቱ ቢቂላ። ሲስቅ ቆይቶ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔም አለብኝ እኮ። እስቲ እንዴት አድርገህ ነው?"

"ራስህ ካልጋለ አትንካው" አለ ሙሀመድሰዒድ፣ ደረቱን ነፍቶ። ፖስተር የሆነ ሰው አይጠራጠርም። ቢቂላ አመነ። ታክሲ ተራው ላይ የጠየቁት ሁሉ አመኑ። ዕውቀት እንዲህ ሲስፋፋ ማንም አይቶ አያውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ራሱ ጭራሽ ሳይግል፣ ሙሀመድሰዒድ ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ እንዳጎነበሰ ወደቀ። ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለ። ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ሐኪም አልጋው ጫፍ ተቀምጣ፣ "አባባ፣ ግፊት አያስታውቅም። ደህና ቢሆኑም በየቀኑ ነው የሚዋጠው" አለችው። ይኸው ነበር፤ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ የማይፈጅ ነገር።

"ወይኔ ቢቂላ!" አለ፣ በጠመመ አፉ።

ቢቂላን አስጠርቶ ነገረው። ቢቂላ ግን ከበሽተኛ አፍ ይልቅ ፖስተሩን አመነ። "ያኔ ጤነኛ ሳለህ የነገርከኝ ይሻላል" ብሎት ሄደ።

ስለዚህ ሙሀመድሰዒድ እግሩን እየጎተተ ፖስተሩን የሰቀሉት ሰዎች ቢሮ ገባ። አውርዱኝ ቢል፣ ፕሮጀክቱ በስኬት ተዘግቷል አሉት። ከፎቶዬ ሥር አንድ መስመር ጨምሩልኝ ቢል፣ ጽሑፉ የጸደቀው ከላይ ነው አሉት።

"እንግዲያው ማርከር አውሱኝ" አለ። "ቀኝ እጄ ገና ይጽፋል።"

አላዋሱትም።