«ጽዳት» ብለሽ ጻፊ

የሥራ ባልደረቦቿ «ክብሪት» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ነው፤ የሚጭራት እሱ ራሱ መሆኑን ረስቶ። ሰሞኑን ደግሞ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነው የምትውለው። ታላቅ እህቷ ነርስ ናት። ለበሽተኛ መድኃኒት የሚያንጠባጥበው ማሽን በተራዋ ላይ ቀጥ አለ፤ በሽተኛው ለጥቂት ተረፈ። «ያልሆነ ቁልፍ ነክተሻል» ብለው ከሥራ አገዷት። የማሽኑን ሶፍትዌር የሚሠራው ደግሞ ክብሪት የተቀጠረችበት ድርጅት ነው።

«ምዬ ተገዝቼ ነገርኳቸው፤ ማን ይስማኝ?» ብላ እህቷ ስታለቅስ የክብሪት ደም ፈላ። በማግስቱ የማሽኑን ከርነል፣ ማለትም የሶፍትዌሩን እምብርት ከፍታ፣ አሴምብሊ በሚባለው የማሽን ቋንቋ የተጻፈውን ክፍል መመርመር ጀመረች። አናቱ ላይ «እንዳትነኩት» ይላል። ሁሉም ፈርቶ ዞር ብሎ ሲያልፈው ኖሯል። ፈሪ ሁላ!

በር ሲንኳኳ ሰው የያዘውን አስቀምጦ ይከፍትና ተመልሶ ያነሳ የለ? ማሽኑም ሌላ ጉዳይ ሲጠራው የያዛቸውን ቁጥሮች ያስቀምጣል፣ ሲመለስ ያነሳል። ኮዱን የጻፈው ሰው ግን ይህንኑ ትእዛዝ ለየጥሪው እየገለበጠ ለጥፎታል። ክብሪት እየተራገመች ግልባጮቹን ወደ አንድ ስታጠቃልል አንዱ አልገጥም አላት። «ባትሪ አነሰ» የሚለው ጥሪ ሲመጣ፣ ከተቀመጡት ቁጥሮች አንዱን ሳያነሳ ይመለሳል። ቢሮ ውስጥ ለሙከራ የተቀመጠውን ማሽን ከፍታ ባትሪው እስኪያንስ ጠበቀች። ባትሪው ገና ሳያልቅ፣ ማንም ቁልፍ ሳይነካ ቀጥ አለ።

አለቃዋ አይቶ ፊቱ ጠቆረ። «ጎበዝ፤ ማስተካከያውን አስገቢው። ማብራሪያው ላይ ግን ‹ጽዳት› ብለሽ ጻፊ።»

«ምን?»

«ኮዱን አቃለልሽ፣ አጸዳሽ። ውሸት ነው እንዴ? ነገር አታካብጂ።»

ውሸት አለመሆኑ ነው ያንገበገባት። በነሱ መሥሪያ ቤት «ስህተት» የተባለ ለውጥ ለሆስፒታሎቹ ሁሉ ወዲያው ይነገራል፤ «ጽዳት» የተባለው ተዳፍኖ ይቀራል። እህቷም ጥፋተኛ እንደተባለች ትቀራለች።

«እህቴን ጠርገህ ልትጥላት ነዋ!» አለችው፣ የቢሮው ሰው ሁሉ ቀና እስኪል።

«ሥራሽን አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ።»

ማብራሪያው ላይ ጻፈች፦ «ስህተት ታርሟል። ማሽኑ በራሱ ይቆም ነበር። ነርሷ ምንም አላጠፋችም።» «ቆይ!» ሳይላት ላከችው።

ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ የአለቃዋ ስልክ መጮህ ጀመረ። እሱ አፍጥጦ ያየዋል እንጂ አያነሳውም።

«አንሳው እንጂ» አለችው ከበሩ ላይ ዞራ። «ብቻ ያልሆነ ቁልፍ እንዳትነካ።»