ፈረስ የሌለው ጋሪ

ይህ የገጠመኝ ዘንድሮ፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አልቆ ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቼ ዳንግላ በሄድኩበት ሰሞን ነው። ሜትር በእጄ በያዝኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የምማር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ወደፊት የከተማ ፕላን ማጥናት እፈልጋለሁ። ያኔ ዳንግላ በድሮው ገበያ ዙሪያ ያለውን ሰፈር መልሶ ለማልማት ጥናት እየተደረገ ነበር። መንገድ ዳር ያሉት ባለበረንዳ የድሮ ቤቶች ሳይፈርሱ ይታደሳሉ፤ ከጀርባቸው ታቹ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ የሆኑ ሕንፃዎች ይሠራሉ። መሀል ላይ ጋሪና ባጃጅ ገብተው ጭነት የሚያራግፉበት ግቢ ይኖራል። በነጻ ላግዛችሁ ብዬ ስሄድ የጥናቱ ኃላፊ ኢንጂነር ሰናይት ተቀበሉኝ።

"እስቲ ጋሪ ለክተሽ አምጪልኝ፤ የግቢውን ስፋት በዚያ እንወስናለን" አሉኝ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ግቢው ውስጥ ገብቶ መዞር ያልቻለ ማመላለሻ ከገበያው ወጥቶ ከተማው ዳር እንዲቆም ታስቧል።

እንዳልሳሳት ስለፈራሁ በማለዳ ሄድኩ። ጋሪዎቹ ተደርድረዋል፤ ፈረሶቹ ተፈትተው ወዲያ ማዶ ሣር ይግጣሉ። ማንንም ሳላስቸግር ጎማውንም ሳጥኑንም ሁለት ሁለት ጊዜ ለካሁ። ፈረሱ መሀላቸው የሚገባባቸውን፣ ወደ ሰማይ የቆሙትን ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ግን ተውኳቸው። ቁጥሩን በንጹህ ወረቀት ገልብጬ ሳስረክብ ኢንጂነሯ "ጎበዝ!" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

የሰፈሩን ሞዴል በካርቶን ስንሠራ ማንም ሳያዘኝ ትንሽ የካርቶን ጋሪም ጨመርኩበት።

ሕዝቡ ስለ ንድፉ ሊወያይ አዳራሽ የተጠራ ዕለት ኢንጂነሯ ጋሪውን እንዳሳይ ፈቀዱልኝ። በጣቴ እየገፋሁ በበሩ አስገባሁት፣ ግቢው ውስጥ አዞርኩት፣ መልሼ አወጣሁት። ልክክ አለ። ሰዉ አንገቱን እያሰገገ ያያል።

ከፊት የተቀመጡ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። ከገበያው እህል በማመላለስ የሚተዳደሩ ባለጋሪ ናቸው፤ ጋሼ አንለይ ይባላሉ።

"የኔ ልጅ፣ እጅሽን ክፉ አይንካው፣ ጥሩ አድርገሽ ሠርተሻል" አሉ። "ግን ፈረሱስ?"

ምን እንዳሉ ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

"ዩኒቨርሲቲ የገባ ጋሪ ፈረስ ምን ያደርግለታል!" አለ አንዱ ከኋላ።

"በኔትወርክ ነዋ የሚሄደው!" አለ ሌላው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ጋሼ አንለይ አልሳቁም። "እኔ ከገበያው ከራቅሁ ማን ኩንታል ተሸክሞ ዳር ድረስ ይመጣልኛል?" አሉ።

ኢንጂነር ሰናይት ከሌላ ከተማ የመጡ ናቸው፤ የጋሪን ነገር ብዙም አያውቁም። "መዞር ቢያቅተው ወደ ኋላ ሄዶ አይወጣም?" ሲሉ ጠየቁ።

"እህል እንደጫነ? እስቲ እርስዎ ይሞክሩት፣ እመቤቴ!" አሉ ጋሼ አንለይ።

ዳግም ተሳቀ፤ አሁን ግን ኢንጂነሯም ሳቁ። እኔ ማልቀስ ነበር የቀረኝ። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ የለካሁት ፈረስ ያልተጠመደበትን ጋሪ እንደሆነ ቆሜ ተናገርኩ።

"ታዲያ ምን ያስለቅሳል? ሜትርሽን ያዢና ነይ" አሉኝ ጋሼ አንለይ።

ከአዳራሹ ውጭ ሰፊ የአፈር ሜዳ አለ። ጋሪያቸው እህል እንደተጫነ ቆሟል። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ ይሉታል። እኔን በአማርኛ "ራቅ በይ" ብለው፣ ቦራን በአዊኛ አናገሩት። ቀስ ብሎ ዞረ። ጎማው አፈሩ ላይ ክብ ጥሎ አለፈ፤ የቦራ ኮቴ ደግሞ ከጎማው በጣም ርቆ ሌላ ክብ ሠራ። እየተከተልኩ ለካሁ። ቅድም "በኔትወርክ ነው የሚሄደው" ያለው ሰውዬ የሜትሩን ጫፍ ያዘልኝ።

ግቢው በኔ ልክ ቢሠራ ኖሮ ቦራ ግድግዳ ይገጭ ነበር።

ያን ሳምንት ኢንጂነር ሰናይት ንድፉን ደጋግመው ሞከሩ። አንዴ "አይሆንም መሰለኝ" እስከማለት ደረሱ። በመጨረሻ ግቢው ጥግ የነበረውን ደረጃ ወደ ሕንፃው ውስጥ አስገቡት፤ ሁለት ሱቆችም ትንሽ ጠበቡ። ግቢው ሰፋ። በሁለተኛው ስብሰባ ጋሪዎቹ ገበያው ውስጥ እንዲቆዩ ስምምነት ላይ ተደረሰ።

እኔም ከካርቶን ፈረስ ሠርቼ ትንሹ ጋሪ ላይ ጠመድኩት። ግንባሩን ነጭ ቀባሁት። ጋሼ አንለይ ጎንበስ ብለው አዩትና "ጆሮው አጠረ እንጂ እሱ ነው" አሉ።

ግንባታው ገና አልተጀመረም። ቅዳሜና እሁድ ወደ ዳንግላ ስሄድ ጋሼ አንለይ መንገድ ላይ ካገኙኝ ጋሪውን አቁመው "ነይ ተሳፈሪ፣ ፈረስ አለው" ይሉኛል። አሁንም ትንሽ አፍራለሁ። ግን ነገሩ ገና ካርቶን ሳለ ስለሳቁብኝ ደስ ይለኛል።