ለሁለት የምትገባው እናቴ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ አባቴ ጋሪውን አቁሞ፣ ከእናቴ የተላከልኝን ጥቅል አቀብሎኝ ገመዱን ላላ ሳደርገው፣ በኮባ ቅጠል የታሸገው የቡላና የቅቤ ሽታ ወጥቶ ስድስተኛ ክፍል ወዳለፍኩበት ዓመት መለሰኝ። ትንሽ የሚኮመጥጥ፣ የረጠበ አፈር ያለበት ሽታ ነው። ረዳቶቹ «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!» እያሉ በሚጮሁበት መሃል ቆሜ እንደገና ልጅ ሆንኩ።

ቤታችን ከሆሳዕና ወጣ ብሎ፣ ሌሞ ውስጥ ነበር። አባቴ ያኔም ጋሪ እየነዳ የሰውንም የእህልንም ጭነት ወደ ከተማ ያመላልስ ነበር። በመስከረም ትምህርት እንደተከፈተ መምህራችን ወላጆችን ሰብስቦ፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚኒስትሪ ፈተና እንዳለ፣ መቅረት ያበዛ ልጅም ለፈተናው እንደማይቀመጥ ነገራቸው። ለወንዶቹ መውደቅ ማለት ያንኑ ክፍል መድገም ነበር። ለእኛ ለሴቶቹ ግን ቤት መቅረት፣ ቤት ከቀሩ በኋላም መዳር ነበርና፣ አባቴ ከስብሰባው ሲመለስ ፊቱ ላይ የነበረውን ጭንቀት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሪውን እየነዳ በትምህርት ቤታችን በኩል ባለፈ ቁጥር ወርዶ፣ ፈረሱን ዛፍ ሥር አስሮ፣ በክፍላችን መስኮት አንገቱን ያስገባ ነበር። እኔ ወንበሬ ላይ መኖሬን አይቶ፣ ለመምህሩ በእጁ ሰላምታ ሰጥቶ ይሄዳል። ልጆቹ «የመስኮቱ ሰውዬ መጣ» እያሉ ሲስቁብኝ ከዴስኩ ሥር ብገባ ደስ ይለኝ ነበር።

በጋው ሲገባ እንሰት የሚፋቅበት ወቅት ደረሰ። የሰፈራችን ሴቶች በወንፈል ተደራጅተው ዛሬ የአንዷን፣ ነገ የሌላዋን እንሰት አብረው ይፍቁ ነበር። እያንዳንዱ ቤት እናትየዋን ብቻ ሳይሆን ለሥራ የደረሱትን ሴት ልጆች ጭምር መላክ ነበረበትና፣ ያን ሰሞን ክፍላችን ውስጥ የሚቀሩት ወንዶቹ ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። የወንፈሉ አለቃ ጎረቤታችን የጀማል እናት ነበረች። እጇም ምላሷም የፈጠነ ሴት ናት። አንድ ጠዋት ደብተሬን ይዤ በፊቷ ሳልፍ አየችኝና ወደ እናቴ ዞራ፣ ሴቱ ሁሉ እየሰማ፣ «ይቺ ልጅሽ ባሏን ቆጮ ሳይሆን ወረቀት ልታበላው ነው እንዴ?» አለቻት።

ሴቶቹ ሳቁ። እናቴ እንሰቱን ሳንቃው ላይ በእግሯ እንደረገጠች፣ የቀርከሃ መፋቂያዋን ሳታቆም፣ «እኔ ለሁለት እገባለሁ። እሷ ወንበሯ ላይ ትቀመጥ» አለች።

እንዳለችውም አደረገች። የራሷን ድርሻ ጨርሳ ሌሎቹ እጃቸውን ሲታጠቡ፣ እሷ የእኔን ድርሻ ትጀምር ነበር። በወንፈሉ ሕግ መሠረት የጎደለብን ነገር አልነበረም። የጎደለው የእናቴ ወገብ ነበር። ማታ ስትቀመጥ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ታስደግፍ ነበር።

ተቀምጣ ግን አታርፍም። እናቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረችው በሀዲይኛ ነበርና፣ የአማርኛውን ደብተሬን ተቀብላ ትርጉሙን ሳታውቀው ድምፁን ብቻ እየጎተተች ታነብልኝ ነበር። «የ…ው…ሃ… ዑ…ደ…ት» ትልና ቀና ብላ ታየኛለች። እኔ በአማርኛ የሸመደድኩትን እለቀዋለሁ። ያን ጊዜ «አሁን ደግሞ በቤታችን ቋንቋ ንገሪኝ» ትለኛለች። ጉዱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነበር፤ በሀዲይኛ መናገር ካቃተኝ ነገሩ እንዳልገባኝ ታውቃለች፣ ደብተሩንም መልሳ ትሰጠኛለች። ደመና ከየት ውሃ እንደሚያገኝ እስኪገባት ድረስ ስታደርቀኝ ያመሸችበትን ቀን አስታውሳለሁ። በመጨረሻ «እንግዲያው የእኛ ወንዝም ወደ ሰማይ ወጥቶ ይመለሳል ማለት ነው» ብላ እንደ ልጅ ሳቀች።

በልግ ሲዘንብ ያ ወንዝ ሞላ። አባቴ የከተማ መንገዱን እያዘገየ እኔንና የሰፈሩን ልጆች በጋሪው ያሻግረን ነበር፤ ከመንኮራኩሩ ሥር የሚያልፈውን ደፍራሽ ውሃ እያየሁ በልቤ ግጥም መግጠም የጀመርኩት ያኔ ይመስለኛል።

ሰኔ መጣ፣ የፈተናውም ጠዋት ነጋ። የወንፈሉ ሴቶች ጎህ ሲቀድ ቤታችን ሞልተው አገኘኋቸው። ለካ ሲመካከሩ ቆይተው ኖሯል። ከባድ ነገር የሚጠብቃት ሴት እንደ አራስ መብላት አለባት ብለው የቡላ ገንፎ አገንፍተው፣ መሃሉን አጎድጉደው ቅቤ ሞልተውበታል። ቅቤውን ያመጣችው ያቺው የጀማል እናት ነበረች። «ብዪ፣ ጭንቅላት ባዶ ሆድ ላይ አይቆምም» እያለች በላዬ ላይ ቆመች። አንዷ ስታጎርሰኝ ሌላዋ ትቀበላታለች፣ እምቢ ማለት አይቻልም። ከዚያ አባቴ በጋሪው እያወዛወዘ ሆሳዕና አደረሰኝ።

የጥያቄ ወረቀቱ ሲታደል ዓይኔ ተከደነ። አራስ እኮ ገንፎዋን የምትበላው ልትተኛ ነው፤ ይህን ከመሃላችን ያሰበ ሰው አልነበረም። ፈታኙ ዴስኬን በጣቱ መትቶ «አንቺ ልጅ፣ ለመተኛት ነው የመጣሽው?» ሲለኝ ብንን አልኩ። ሌሎቹ ገጽ ገልጠው ሄደዋል። ዓመቱን ሙሉ በእናቴ ወገብ የተቀመጥኩበት ወንበር ከሥሬ የሚያመልጥ መሰለኝ። ወረቀቱን ስገልጥ የውሃ ዑደት ቁጭ ብሏል። በአማርኛ የሸመደድኩት ሁሉ በእንቅልፉ ጠፍቶብኝ ስለነበር በሀዲይኛ ለእናቴ የነገርኳትን አስታውሼ፣ ከዚያው ወደ አማርኛ እየገለበጥኩ መለስኩት። የቀሩትንም እንደዚያው እየሮጥኩ ሠራሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ማለፌ ተሰማ። የጀማል እናት «ያለፈው የእኔ ቅቤ ነው» እያለች ሰፈሩን አዳረሰች፣ እናቴም አዎ አለቻት። ስለ እንቅልፉ ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ያ ሁሉ እጅ ያጎረሰኝን ገንፎ እንዴት ብዬ ልውቀስ?

ዘንድሮ ታናሽ እህቴ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ከእኔ ጋር እዚሁ ሆሳዕና ትኖራለች፣ ነገ ትፈተናለች። ትናንት አባቴ ጥቅሉን ካቀበለኝ በኋላ የፈረሱን ልጓም እያስተካከለ፣ «እናትሽ ጠዋት እንዳታበያት ብላለች። ከፈተናው ስትወጣ ነው» አለኝ።

ደንግጬ አየሁት። ያን የፈተናዬን ቀን በመስኮት አይቶኝ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ፈረሴ ቆሞ ሲተኛ እንኳ እንዳንቺ አንገቱን አይጥልም» አለኝና ጋሪውን አስነሳ።

ያን ጊዜ በትምህርት ቤቱ መስኮት ብቅ የሚል አባት ነበረኝ፣ ቤታችንም የሚያነብልኝ ሰው አላጣም ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ለቤቴ ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ እህቴን «ምን ተማርሽ?» ስላት «ምንም» ትለኛለች፣ እኔም ከሥራ ደክሜ ስገባ «ምንም» ያለችውን ተቀብዬ አልፋለሁ። ለአንድ ራሴ ብቻ ገብቼ ነው እንዲህ የምደክመው። ማታ ቡላውን ከፍ አድርጌ ሰቅዬ፣ ደብተሯን ተቀብዬ ቁጭ አልኩና አንድ እጄን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ በቤታችን ቋንቋ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት።