በከሰል የደረቀ ግድግዳ

መምህር ምንተስኖት መቀመጥ አይችልም። ፈተና ሲፈትን እንኳ በወንበሮቹ መሃል ሲመላለስ ነው የሚውለው። ተማሪዎቹ «ሚኒባስ» ይሉታል፤ ያውም ሳይሞላ የሚነሳ ሚኒባስ። ሻይ ቤት ገብቶ ያዘዘው ሻይ እስኪበርድ መጠበቅ ስለማይሆንለት ምላሱን አቃጥሎ ይወጣል። ቡታጅራ ውስጥ ሒሳብ ሲያስተምር ስምንት ዓመቱ ነው፤ ስምንቱንም ዓመት ምላሱ እንደተቃጠለ አለ።

ይህ የማወጋው የዘጠና ስምንቱ ክረምት ነው። ባለቤቱ ሕይወት የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ የቀራት ሁለት ወር አይሞላም። ሐምሌ ሲገባ ከጥያ ለገበያ የመጣች ሴት የሕይወትን እናት የወይዘሮ ወለተጊዮርጊስን መልእክት ይዛ መጣች። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ልጃቸው ቤተ ክርስቲያናቸውን ትታ ጴንጤ አገባች ብለው ሠርጉ ላይ አልተገኙም፤ ከዚያም ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን አልረገጡም። አሁን ግን የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ፣ ነሐሴ አሥራ ስምንት፣ እመጣለሁ ብለዋል። መልእክቱ ጭራ ነበረው። ልጄ የምትታረስበት ክፍል ነፋስ የሚያስገባ ከሆነ ይዣት እመለሳለሁ፤ የመጀመሪያ ልጅ ድሮም በእናት ቤት ነው የሚወለደው።

ሕይወት መሄድ አልፈለገችም። የምትከታተላት ነርስ እዚሁ ነች፣ ባሏም እዚሁ ነው። ደግሞም እናቷን ታውቃለች፤ አንዴ ከወሰደቻት ሰማንያ ቀን ሳይሞላ አትለቃትም። ምንተስኖት ይህን ሲሰማ ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓዳ መመላለስ ጀመረ።

ቤታቸው ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። የፊተኛው ክፍል በደንብ ተለስኗል። የውስጠኛው፣ አልጋው ያለበት፣ ሻካራ ጭቃ እንደተመረገ ቀርቷል፤ በየስንጥቁ ንፋስ ያፏጭበታል። ለሳኙ ሥራውን አጋምሶ አዲስ አበባ ገብቷል። በዚያ ዓመት የለሳኝ ማንካ መጨበጥ የሚችል ወንድ ሁሉ ኮንዶሚኒየም ሊሠራ አዲስ አበባ ነበር። ከተማው ውስጥ የቀሩት ለሳኝ ጎረቤቱ ጋሽ ሽፋ ብቻ ናቸው። እሳቸውም አርባ ዓመት ግድግዳ ሲለስኑ ኖረው ወገባቸው እምቢ ስላለ ደጃቸው ዱካ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መንገደኛ ሰላም ሲሉ ነው የሚውሉት።

ጋሽ ሽፋ በእጄ አልነካውም፣ በአፌ ግን አሠራሃለሁ አሉት። ቀዩን አፈር አስቆፈሩት፣ የጤፍ ጭድ አስገዙት፣ ሱሪውን አስጠቅልለው በእግሩ አስረገጡት። ከዚያ እንዲቦካ ሸፍነህ አሥር ቀን ተወው፣ በቀን አንዴ ብቻ አገላብጠው አሉ። ምንተስኖት ጠዋት ገለጠው፣ ቀትር ላይ ገለጠው፣ ማታ ገለጠው። በአራተኛው ቀን ሽታው ደርሷል ብሎ ሊነሳ ሲል ሽማግሌው ከዱካቸው ሳይነሱ ቀና አሉ።

«መምህር፣ ተማሪን በአራተኛው ወር ክፍል ታሳልፋለህ?»

እስከ ሰባተኛው ቀን ብቻ ታገሠ። ሦስቱን ቀን ከየት አምጥቶ ይታገሥ!

የመጀመሪያው እፍኝ ጭቃ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ ተንሸራቶ ሸሚዙ ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ግድግዳውን ውኃ ሳይረጭ ነበር የጀመረው። የጠማው ግድግዳ የጭቃውን ውኃ ጠጥቶ ጭቃውን ይተፋዋል ብለው ጋሽ ሽፋ ከበር ላይ አስተማሩት። በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ያየው አንድ ተማሪው ቆም አለና፣ «ቲቸር፣ ሆምወርክ ነው እንዴ?» አለው። ወሬው በማግሥቱ ከተማውን ዞረ። ሕይወት ስትስቅ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ነበር።

እጁ ቀስ በቀስ ለመደ። ሲጫን እንዴት እንደሚይዝ፣ ሲያለሰልስ እንዴት ማንካውን ትንሽ ማዘንበል እንዳለበት ገባው። ፍልሰታ ሳይጋመስ አራቱንም ግድግዳ ጨረሰ። የቀረው መድረቁ ነው። ሰማዩ ግን አልተባበረም። ዝናቡ ጠዋት ጀምሮ ማታም አያባራም። ምንተስኖት በየሰዓቱ እየገባ ግድግዳውን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ጣቱ ይሰምጣል፤ የሰመጠበትን ያለሰልሳል፤ ወጥቶ ይመለሳል። ጋሽ ሽፋ መስኮቱን ከፍተህ ከዚህ ክፍል ራቅ ብለው አስጠነቀቁትና ልጃቸውን ሰፍያን ሊጠይቁ ወራቤ ሄዱ።

ነሐሴ አሥራ አምስት ሲሆን ትዕግሥቱ አለቀ። ሕይወትን ጎረቤት ሰደዳት፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ሁለት ምድጃ ከሰል አያይዞ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠና በሩን ገጥሞ ወጣ። ቀኑን ሙሉ እየገባ እየወጣ ከሰል ጨመረ። አመሻሽ ላይ ግድግዳው ነጣ፣ አውራ ጣቱም አልሰመጠ። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጦ ራቱን በላ ትላለች ሕይወት።

በማግሥቱ ጠዋት ግድግዳው በጋ እንደመታው መሬት ተሰነጣጥቆ አገኘው። በጣቱ አንጓ ቆረቆረው። ባዶ ጀሪካን ሲመቱት የሚሰጠውን ድምፅ ሰጠ። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ነበርና አልተያያዙም። በአልጋው ራስጌ በኩል ያለው ሙሉው ልስን ከላይ ላላ፣ ሆዱን ነፋ፣ ከዚያ እንደ አንሶላ ተገፎ መሬት ላይ ተዘረጋ።

አሥራ ሰባት ጠዋት ፍርስራሹን ዝቆ ሳይጨርስ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በአንድ ቀን ቀድመው መጥተዋል። ቅርጫታቸውን ፊተኛው ክፍል አስቀመጡና ልጃቸውን እንኳ በቅጡ ሳይስሙ በቀጥታ ወደ ውስጠኛው አለፉ። ምንተስኖት ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ሆኖ ቆሟል። ሕይወት ከኋላቸው መጥታ የበሩን መቃን ያዘች።

«ለሳኙ የት ሄደ?» አሉ።

ዝናቡን ሊያመካኝ ይችል ነበር። ለሳኙ ከዳኝ ቢልም ግማሹ እውነት ነው።

«ለሳኙ እኔ ነኝ፣ እማማ። ቸኩዬ በከሰል አደረቅሁት፣ ወረደ።» ማንካውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ይውሰዷት። ይሄ ግድግዳ ገና ሃያ ቀን ይፈልጋል። ከእንግዲህ አላስቸኩለውም።»

ሕይወት ቀና ብላ አየችው። እናትየው ጎንበስ ብለው ከወደቀው ልስን ቁራሽ አነሱ፣ በጣታቸው ፈረፈሩት፣ አሸተቱት።

«ጭዱ ደህና ነው፤ ያበላሸኸው እሳቱ ላይ ነው» አሉ። ቀጥለው ነጠላቸውን አውልቀው ለልጃቸው ሰጡ። «መንገዱን ሙሉ፣ ‹ነፋስ አያስገባም› ብትለኝ የምመልስልህን ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። አሁን ምን ልበልህ? ግድግዳው ሃያ ቀን ቢጠብቅ ልጁ ይጠብቃል? በዚህ ሆዷ ሚኒባስ ላይ አላወጣትም። አልጋውን ወደ ፊት አውጣው፤ እኔ መሬት እተኛለሁ።»

ሦስቱም ፊተኛው ክፍል ውስጥ ተጣብበው ከረሙ። የወደቀው ጭቃ እንደገና በውኃ ራሰ፣ እንደገና ተረገጠ፣ ግድግዳው በደንብ ውኃ ጠጥቶ እንደገና ተለሰነ። መስኮቱ ሌት ተቀን ክፍት ነበር። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ይፈትላሉ፤ አማቻቸው አውራ ጣቱን ቀስሮ ሲመጣ በእንዝርቱ ጫፍ መለስ ያደርጉታል። ነሐሴ ሃያ ሰባት ሕይወት ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ወለደች። ግድግዳው ገና አልደረቀም ነበር።

አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ጋሽ ሽፋ ከወራቤ ተመልሰው እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ መጡ። ሕፃኗን ከማየታቸው በፊት ግን ውስጠኛው ክፍል ገቡና በጣታቸው አንጓ ግድግዳውን ዙሪያውን ቆረቆሩት። ከመስኮቱ በታች የመዳፍ ስፋት የሚያህል አንድ ቦታ ባዶ ጮኸች። ምንተስኖት ማንካውን ሊያመጣ ሲነሳ ክንዱን ያዙት።

«ተዋት። ካልነካሃት አርባ ዓመት ትኖራለች፣ ኢንሻአላህ።»

አልጋው ወደ ቦታው ተመለሰ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስም ሰማንያውን ቀን እዚያው ቡታጅራ ጨርሰው ጥያ ገቡ። ምንተስኖት ዛሬም በመስኮቱ በኩል ባለፈ ቁጥር ቆም ይላል፤ ጣቱን አጥፎ ወደዚያች ቦታ ያስጠጋል። ሕይወት የልጇን ጸጉር እየሠራች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ምንተስኖት» ትለዋለች። ጣቱን ወደ ኪሱ ይከታል።

ነገ ግን እንደገና ያወጣዋል።