ልብስ ሰፊው ያላስቀባው ግድግዳ

ጎርፍ ሚስቱን ከወሰደበት ወዲህ፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ውሃው ግድግዳው ላይ የተወውን መስመር ቀለም አስነክቶት አያውቅም።

ትናንት የመንግሥት ካርታ ሠሪዎች መጡ። ጎርፍ የሚያሰጋቸውን ቤቶች መዝግበው፣ ባለቤቶቹ የቤታቸውን መሠረት ከፍ እንዲያደርጉ ይረዳሉ።

«አባባ፣ ውሃው እስከ ስንት ደረሰ?» አለችው አንዷ።

ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ «መቶ ሠላሳ ሁለት ሳንቲም» አላት።

«ሳይለኩ?»

«የሚስቴ የቀሚስ ቁመት ነው፤ ከትከሻዋ እስከ እግሯ።»

ልጅቷ አቀርቅራ ጻፈች። «በቃ፣ ካርታው ላይ ገብቷል፤ አሁን ግድግዳውን ማስቀባት ይችላሉ።»

ልብስ ሰፊው አጠገቡ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ በስተርጅና የቆጠሩት ፊደል ዛሬ ይጥቀመን። ስለ እሷ ምን ተጻፈ?»

የልጅቷን ወረቀት በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ አነበብኩ። «ቁጥሩ ብቻ ነው፣ ወንድሜ።»

ጠመኔውን ከኪሱ አውጥቶ መስመሩን እንደገና አደመቀው።