የአስታማሚ ጋቢ

ባሌን ተስቦ ጥሎት ሦስት ወር አስታመምኩት፤ እሱ ሲያገግም እኔ ከስቼ እንጨት መሰልኩ። ጎሬ ያሉ አንዲት የነጋዴ ሚስት ልጃቸው ከሞት ስለተረፈላቸው ስለት አለባቸው፤ በየዓመቱ ከበሽታ ለተነሣ ሰው አንድ ገንቦ ማር፣ ላስታማሚው አዲስ ጋቢ ይሰጣሉ። ጋቢውን ተመኝቼ ከሁሩሙ ተነሣን፤ እሱ በተዋስነው በቅሎ፣ እኔ በእግሬ። እንደደረስን ደጃፋቸው ላይ ዘፍ አልኩ።

ሴትዮዋ ወጥተው አዩንና ማሩን ከፊቴ አስቀመጡት።

«አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር አትርፎሻል።»

ጋቢውን ባሌ ላይ ጣል አደረጉለት። «እሷን ስታስታምም እንዴት ደክሞህ ይሆን!»

ባሌን አየሁት፤ እውነቱን እሱ ይናገር ብዬ። ጋቢውን ተከናነበና በረጅሙ ተነፈሰ።

«ምን ይደረግ እትዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።»